ዝም ይበሉ የሚለው ቁልፍ

ሰኔ 15 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ ወረታ

ዛሬ ከባሕር ዳር ተመለስን። ሐኪሙ የአዛናውን ጉሮሮ በመብራት አይቶ፣ ካበጠው ላይ ቆንጥሮ ወስዶ፣ «ይህ አዲስ አበባ ይላካል፤ ውጤቱ ሲመጣ እንደውልላችኋለን» አለ። እስከዚያ መናገር የለም። መዝፈንማ አይታሰብም።

«ሹክሹክታስ?» አልኩት እኔ።

«ሹክሹክታ እንዲያውም ይብሳል።»

«እህ ማለትስ?»

ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ አየኝ። አዛናው በክርኑ ጎሸም አደረገኝ፤ ተይው ማለቱ ነው። እንግዲህ ባሌ የሕፃናት መምህር ነው፤ ትንንሾቹን ዘፈንና ሥዕል የሚያስተምር። ለሱ ዝም በል ማለት ለዳኛ አትፍረድ እንደማለት ነው።

ከተጋባን ጀምሮ ማታ ማታ የምናወራ ሰዎች ነን። እኔ አወራለሁ፤ እሱ «ከዚያስ?» ይላል። አሁን ከዚያስ የሚለኝ ስለጠፋ ከተማሪዎቹ የተረፈ ደብተር አንስቼ ለዚህ ልንገረው አልኩ። ደብተር ቢያንስ ሲያዳምጥ አያንቀላፋም። እሱ ያንቀላፋል።

ለጽሑፍ ትንሽ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ አዘጋጅቷል። ስለ ውጤቱ አላስብም። ሐኪሙ ራሱ «ለማረጋገጥ ያህል ነው» ብሏል። ለማረጋገጥ ያህል።

ሰኔ 17

በሩጫ። ቢሮ የበጀት መዝጊያ ነው፤ ለጸሐፊ ደግሞ ሰኔ ማለት ጣት የሚያብጥበት ወር ነው። ሁሉም «የኔን አስቀድሚልኝ ካሳነሽ» ይላል።

ጎረቤቴ እማዋይሽ ከሱቋ በር ላይ ሆና፦ «መምህር ግንቦት ላይ ድምፁን ሰጥቶ መጣ፤ ሳይመልሱለት ቀሩ አሉ።» ሳልወድ ሳቅሁ። ቤት ገብቼ ለአዛናው ነገርኩት። ሰሌዳው ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ለማን እንደሰጠሁ ግን አትንገሪያት።»

ሰኔ 21

ዛሬ እሑድ ነው፤ ጊዜ አለኝ። ስለ ፕሮግራሙ ልጻፍ።

አዛናው አሮጌው ላፕቶፑ ላይ ኖታ የሚጽፍበት ፕሮግራም አለው። ለተማሪዎቹ ዘፈን ሲያወጣ ነጠብጣቦቹን መስመሩ ላይ ይደረድራቸዋል፤ አንዱን ቁልፍ ሲጫን ማሽኑ ያዜመዋል። ዛሬ ጠዋት ሲጫወትበት አየሁትና ተጠጋሁ። ግማሹ ቃል አማርኛ፣ ግማሹ እንግሊዝኛ። «ይኼ ምን ዓይነት ዝብርቅርቅ ነው?» ስለው ጠመኔውን አንስቶ ብዙ ጻፈ፤ ሦስቴ እያጠፋ።

የገባኝ እንዲህ ነው። ፕሮግራሙ የማንም አይደለም፤ የሁሉም ነው። አንዱ ጀርመን አገር ሆኖ አንዱን ጎን ይሠራል፣ ሌላው ብራዚል ሆኖ የተሰበረውን ይጠግናል፣ ውስጡ እንዴት እንደተሠራ ለማንም ክፍት ነው። ደሞዝ የለም። የቻለ ይጨምራል። «ደቦ ነዋ» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። «ጠላ የሌለበት ደቦ?» ትከሻውን ሰበቀ።

አማርኛውን የጀመረችው ምኞት የምትባል የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ብቻዋን ስለሆነች ግማሽ ላይ ቆሟል። እሱ ሊያግዛት ተመዝግቦ ነበር፤ ጉሮሮው ያዘውና ተወው። ከዚያ ሰሌዳውን አጥፍቶ፦ «አንቺ ተርጉሚው። እጅሽ ፈጣን ነው።»

«እኔ? በዐሥረኛ ክፍል እንግሊዝኛ?»

«ትርጉሙን እኔ እነግርሻለሁ» ብሎ ጻፈ። ቆየት ብሎ «እነግርሻለሁ» የሚለውን አጥፍቶ «አሳይሻለሁ» አደረገው።

ሰኔ 24

ኔትወርኩ ማለዳ ይሻላል። ከቢሮ በፊት ሠራን። ድረ ገጹ ላይ በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ ባዶ ሳጥን አለ። አዛናው ቃሉን ያነባል፣ በእጁ ያሳየኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። «ክፈት» ቀላል ነው። «ድገም» ቀላል ነው። አንዱን ግን ሊያስረዳኝ ከወንበሩ ተነሥቶ እየተራመደ ድምፁ እየራቀ እንደሚሄድ ሰው እጁን ዝቅ ዝቅ እያደረገ ወደ ጓዳ ገባ። እኔ «ውሃ ልቀዳ ሄድኩ» ማለቱ መስሎኝ ጣሳ ይዤ ተከተልኩት። ለካ ዜማው ቀስ እያለ ይጠፋል ማለቱ ነው። «እየሳሳ» ብዬ ጻፍኩት። ደስ አለው።

ምኞት መልእክት ላከችልኝ። «እንኳን ደህና መጣሽ፤ አሁን ሁለት ሆንን» ትላለች። አንቺ አለችኝ፤ ዕድሜዬን አታውቅማ።

ሰኔ 29

ኧረ ጉዴ ፈላ። ፕሮግራሙን ሰበርኩት።

በሥራዬ እንደማደርገው፣ ያየሁትን ቆሻሻ ሁሉ ጠርጌላቸዋለሁ። ዐረፍተ ነገሩ መሃል የመቶኛ ምልክትና ቁጥር ተጣብቆ አየሁ፤ ስህተት መስሎኝ አነሣሁት። ከሌላውም ላይ አነሣሁት። በየመጨረሻው ደግሞ አራት ነጥብ አደረግሁ፤ ያለ አራት ነጥብ ጽሑፍ አላስወጣም እኔ። ለካ ያ ምልክት ፕሮግራሙ ቁጥሩን ወይም የፋይሉን ስም የሚያስገባበት ቀዳዳ ኖሯል። ቀዳዳውን ስደፍነው ታንቆ አልነሣ አለ።

ምኞት ክፉ አልተናገረችኝም። «ሁሉም ሰው መጀመሪያ አንድ ነገር ይሰብራል፤ እኔ በጀመርኩ ሰሞን ሁሉንም ወደ ዐረብኛ ቀይሬው ነበር» አለችኝ። አዛናው ግን ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ሳቀ፤ ድምፅ የሌለው ሳቅ። ሳቅ ተፈቅዷል ወይ ብዬ ሐኪሙን አለመጠየቄ ቆጨኝ። ባይፈቀድም ይሳቅ።

ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ መለስኩ። አራት ነጥቡን ማንሣት ግን እጄን ቀፈፈው።

ሐምሌ 3

ዝናቡ የለም። ቢሮ የምጽፈው ሪፖርት ሁሉ «የዝናብ ሥርጭቱ ዘግይቷል» ነው። ሜዳው በዚህ ጊዜ ውሃ ተኝቶበት ሩዙ አረንጓዴ መሆን ነበረበት። ገበያ የመጣ ገበሬ ሁሉ ሰማይ ሰማይ ያያል።

ከሰዓት በኋላ ርእሰ መምህሩ አቶ አበረ ሊጠይቁን መጡ። ብርቱካን ይዘው። ከተቀመጡ በኋላ፦ «እንግዲህ መምህር፣ መስከረም ላይ ድምፅዎ ካልተመለሰ ክፍሉን ለሌላ ሰጥተን እርስዎን ንብረት ክፍል ብናደርግዎ ምን ይመስልዎታል? ጸጥ ያለ ሥራ ነው» አሉ።

እኔ ቀድሜ፦ «ኧረ ምን ሲደረግ። መስከረም ላይ እንደ ወፍ ነው የሚዘፍነው። ጠመኔና ወንበር ሲቆጥር ሊውል ነው?» አልኳቸው። ብዙ ተናገርኩ። ሐኪሙ ተስፋ ሰጥቶናል አልኩ። ሐኪሙ እንዲህ አላለም።

አቶ አበረ ሲሄዱ አዛናው ገና ጠመኔውን እንደያዘ ነበር። ጻፈና አዞረልኝ፦ «የተጠየቅሁት እኔ ነበርኩ።»

ሐምሌ 4

ሰሌዳውን ገልብጦ አስቀምጦታል። አሁን ሁለት ጊዜ ዝም አለ ማለት ነው።

ከባሕር ዳር አልተደወለም።

ሐምሌ 8

አማቴ፣ መሪጌታ በላቸው፣ የሥላሴን ዋዜማ በደብራቸው ቆመው፣ ትናንት በአይሱዙ ተጭነው መጡ። በዕድሜ ጎብጠዋል፤ ድምፃቸው ግን አልጎበጠም። ግቢው በር ላይ ሆነው ሲሳለሙ እማዋይሽ ከሱቋ ብቅ አለች።

ዛሬ ጠዋት ላፕቶፑ ተከፍቶ ነበር። አባባ መነጽራቸውን አድርገው ከፊቱ ተቀመጡ። «ይኼ ነው የሚያዜመው?» አዛናው ማውሱን እጃቸው ውስጥ አደረገላቸው። ቁልፎቹ ላይ ሲያልፉ ስማቸው በትንሽ ሳጥን ይወጣል፤ እኔና ምኞት የጻፍነው። እሳቸውም እያነበነቡ፦ «ክፈት… አስቀምጥ… አጫውት…» ከዚያ ቆሙ። እንደገና አነበቡ። ወደኔ ዞሩ።

«ዝም በል ይላል።»

«አዎ አባባ።»

«ማንን ነው?»

«ማንንም አይደለም፤ ቁልፍ ነው። የመሣሪያውን ድምፅ የሚያጠፋ።»

«ከፊቱ የተቀመጥኩት እኔ አይደለሁም እንዴ?»

«ነዎት።»

«እንግዲያስ እኔን ነው።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ማኅሌት ላይ ከቆምኩ ጀምሮ ዝም በል ያለኝ ሰው የለም። ጉንፋን ይዞኝ እንኳ መሪጌታ ትንሽ ይረፉ ነው የሚሉኝ። ይህን የጻፈው የማን ስድ ነው?»

አዛናው አፉን በእጁ ይዞ ወደኔ ጠቆመ። ከዳኝ። አባቱ ፊት ከዳኝ። እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም፤ ግድግዳውን ይዞ።

ሰሌዳው ዛሬ ተገልብጦ አልዋለም።

ሐምሌ 9

ከቢሮ በፊት ሁሉንም ለወጥኩት። ይክፈቱ፣ ያስቀምጡ፣ ያጫውቱ። ዝም ይበሉ። ለአባባ አሳየኋቸው። «አሁን ሰው ሆነ» አሉ፤ ማሽኑን። አዛናው አዲሱን ቃል አይቶ ወደ ጉሮሮው ጠቆመ፣ ወደ ቁልፉ ጠቆመ፣ እጅ ነሣ። ሐኪሙ እንዲህ በአክብሮት ቢለኝ ኖሮ ማለቱ ነው።

ሐምሌ 14

ምኞት ስልክ ደወለች። ድምፅዋ የልጅ ነው።

«አንቺ ካሳነሽ፣ ምን ሆነሽ ነው ሁሉንም እርስዎ ያደረግሽው? ቁልፉ ውስጥ አልገባ አለ፤ ተቆርጦ ‹ያስቀ› ብቻ ይላል።»

«ትላልቅ ሰዎችም ይከፍቱታል የኔ ልጅ።»

«ልጅ አሉኝ? ስንት ዓመትዎ ነው?» አለችና ነገርኳት። «ወይኔ፣ እትዬ። ይቅርታ።» ከዚያ ወዲያ እኔን እርስዎ፣ ቁልፉን አንተ ለማድረግ ተከራከረችኝ። የሚጠቀሙት ልጆች ናቸው፤ የስምንት ዓመት ልጅ እርስዎ ሲባል ይስቃል አለች። ይሳቅ፤ አንድ ጊዜ ቢከበር ምን ይጎዳዋል አልኳት።

መጨረሻ ላይ እሷ መላ አመጣች። ማንንም አንተም እርስዎም ሳንል ዕቃውን በስሙ እንጥራው፤ መክፈቻ፣ ማስቀመጫ፣ ማጫወቻ። ጎበዝ ናት። ተስማማሁ።

«እና ዝም ይበሉ የሚለው ‹ድምፅ ማጥፊያ› ይሆናል» አለች።

«እሱ ይቅር።»

«ለምን እትዬ? ከሌሎቹ ጋር ይሄዳል እኮ።»

«እሱ እንዳለ ይቅር።»

ምክንያት ስትጠይቀኝ አማቴ ወደውታል አልኳት። ይህም ውሸት አይደለም። ድምፅ ማጥፊያ ብዬ ግን በጣቴ አልጽፍም። ምን ቸገረኝ፤ እነሱው ይጻፉት። አልጻፉትም። ከሁሉም ቁልፍ ሰው የሚያከብር እሱ ብቻ ሆኖ ቀረ።

ሐምሌ 22

አባባ አላስቀምጥ ስላሉን ወንዛዬ ፍል ውሃ ሄደን ሁለት ቀን ሰነበትን። አዛናው በእንፋሎቱ ጉሮሮውን እንዲታጠን ነው። ሰው ብዙ ነበር። ወንዶቹ በወንዶቹ በኩል፣ እኛ በእኛ።

ውሃው ውስጥ ሁለት ሴቶች ከጀርባዬ ሆነው ያወራሉ።

«ያ ረዥሙ ሰውዬ አይናገርም አሉ።»

«ዱዳ ነው?»

«ኧረ መምህር ነው። ጉሮሮ ነው።»

«የአንበሳሜው ነጋዴስ በጉሮሮ አይደል…»

ዞር ስል «ውሃው ዛሬ አይሞቅም» አሉ። ውሃው ያቃጥላል። ፀጉሬን ታጥቤ ነበር፤ እንደገና ታጠብኩት።

የቀሩትን ቃላት በስልኬ አየኋቸው። ብዙ አልቀረም። አንዱን ዘለልኩት።

ሐምሌ 26

ሃያ ሰው «ደወሉ ወይ?» ይላል። እማዋይሽ ብቻ አትጠይቅም፤ ስኳር ስገዛ ትንሽ ትጨምርልኛለች። ይህ ደግሞ ይብሳል።

ዛሬ ለራሴ ቃል ገባሁ። ሰው አዛናውን ሲጠይቅ አልመልስም። ጠዋት ለሳሙና ነጋዴው መለስኩ። ከሰዓት ለካህኑ መለስኩ። ነገ እጀምራለሁ።

ነሐሴ 2

ምኞት እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «እትዬ፣ ሁሉም አልቋል፣ አንዲት ቃል ብቻ ባዶ ናት። ስላልታየችዎ ነው? የሙዚቃ መጽሐፉ ‹ዕረፍት› ይለዋል፤ እሱን ያስገቡት።»

ታይታኛለች። ዜማው መሃል ላይ ዝም የሚባልባት ትንሽ ምልክት ናት፤ አዛናው ቀድሞ አሳይቶኛል። ለትምህርት ቤት መዘጋት ዕረፍት እንላለን፤ ምንም የለበትም። ቢሮ ግን በዚህ ቃል የምጽፈው ሌላ ነገር ነው፤ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በጥቁር ክፈፍ የሚለጠፈው። ሠራተኛ ዐርፎ፣ አባት ዐርፎ። «ዜና ዕረፍት» ብዬ ስንቴ መሃል ላይ አስፍቼ ጽፌዋለሁ።

አዛናው ከኋላዬ ቆሞ መልእክቱን አነበበው። ሳጥኑን አየ። እኔን አየ። «አላየሁትም ነበር» አልኩት።

አጠገቤ ተቀመጠ። ጠረጴዛውን በጣቱ መታ፤ ቷ ቷ። ከዚያ እጁን አየር ላይ አቆመው። ዓይኑን ዓይኔ ላይ አድርጎ እንደዚያ አቆየው። ከዚያ ቷ አደረገ። እንደገና፦ ቷ ቷ፤ ዝምታ፤ ቷ። ከዝምታው በኋላ ምቱ ይመጣል ማለቱ ነው። ምልክቷ የተሠራችው ለዚያ ነው፤ ዝምታው የማያልቅ ቢሆን ኖሮ ምልክትም ባላስፈለገው።

«ገባኝ» አልኩት። «ግን አልጽፈውም።»

ጠመኔውን አላነሣም። እጁን ጭንቅላቴ ላይ አድርጎ ቆየ።

«ፋታ» ብዬ ጻፍኩ። ፋታ ሲባል ሰው ተቀምጦ ላቡን ጠርጎ የሚነሣ ይመስላል። ላክሁት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የምኞት መልስ መጣ። ስለ ቃሉ የምትከራከረኝ መስሎኝ ነበር። «ፋታ ያምራል። እትዬ ካሳነሽ፣ ደህና ናችሁ?» ትላለች።

ደህና ነን፣ ምን እንሆናለን ብዬ መለስኩላት። ከዚያ ማድቤት ገብቼ ቆየሁ።

ነሐሴ 12

ዝናቡ መጣ። ሲመጣ ደግሞ አይጣል ነው፤ ቆርቆሮው ላይ አሸዋ የሚደፋ ይመስላል። አባባ ወደ ሩዛቸው ለመሄድ ቸኩለው በዚያው ዝናብ ሄዱ።

ጠዋት ከማናውቀው ሰው አንድ የእንግሊዝኛ ቃል መጣልኝ። አዛናውን «ምን ይላል?» ስለው የሁለት እጁን ጣቶች አንዱን በአንዱ መሃል አስገብቶ ቆለፋቸው። ተቀላቅሏል። የጻፍነው ከዋናው ፕሮግራም ጋር አንድ ሆኗል፤ ከእንግዲህ የትም አገር አማርኛ የመረጠ ሰው እኛን ያነባል። የሠሪዎቹ ስም ዝርዝር መጨረሻ ላይ የኔ ስም በፈረንጅ ፊደል ተጽፏል። የአዛናውን ስም ከጎኔ እንዲያስገቡት ለምኞት ነገርኳት። «እሱ ምን ሠራ ልበል?» ስትል «እጁን ሰጠኝ በይ» አልኳት።

ከሰዓት የሰፈር ልጆች ለቡሄ መጡ። ሌላ ጊዜ እሱ ነው በር ላይ ወጥቶ ዘፈኑን የሚያወጣላቸው፤ ከነሱ በላይ የሚጮኸው እሱ ነው። ዛሬ ሲያዩት ቀስ ብለው መዝፈን ጀመሩ፤ በሽተኛ እንዳይረብሹ። ወጣና ዱላውን ከትልቁ ልጅ እጅ ወሰደ። መሬቱን መታ። ከፍ አድርጉት እያለ በእጁ ወደ ላይ አነሣቸው። ግቢው ደፈረሰ። እኔ ሙልሙሉን ይዤ ቆሜ የሱን ከንፈር ነበር የማየው። ይንቀሳቀሳል፤ አንድም ድምፅ አላወጣም።

ነሐሴ 25

ደወሉ። ነገ ጠዋት ኑ ብለዋል። በስልክ አንናገርም አሉ። በስልክ ለምን አይናገሩም።

ሸሚዙን ተኮስኩ። ሌላውንም ተኮስኩ።

ነሐሴ 26

ሐኪሙ ሲጠይቅ ከንፈሬን ነክሼ ተቀመጥኩ። አዛናው ጽፎ እስኪጨርስ ጠበቅሁት። ሰው ሲጽፍ እንዲህ ይቆያል? ከኔ ጋር ሁልጊዜ እንዲህ ሲቆይ ኖሮ እኔ መሃል ላይ እየገባሁ ነው ለካ ያሳጠርኩት።

እብጠቱ ክፉው አይደለም። ሐኪሙ ሁለት ጊዜ ተናገረው፤ መጀመሪያ ለሱ፣ ቀጥሎ እኔ ያልሰማሁ መስሎት ለኔ። አዛናው ሰሌዳው ላይ የጻፈው ጥያቄ ግን «እዘፍናለሁ?» የሚል ነበር።

ሐኪሙ መዝገቡን ገለጠ። አንደኛው የድምፅ ጅማት ደርቋል፤ እንደ ልብ አይከፈትም አለ። ከአዲስ ዓመት ጀምሮ በቀን ጥቂት ቃል መናገር ይችላል። ድምፁ ሻካራ ይሆናል። ዘፈን እንደ ድሮው አይሆንም፤ ምናልባት ዝቅ ያለ ማንጎራጎር። አዛናው እሱን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀና ሰሌዳውን በእጅጌው ጠረገ። ትናንት በተኮስኩት ሸሚዝ።

ስንመለስ ሁለታችንም ዝም ብለን ስለተቀመጥን የመኪናው ረዳት የተጣላን መስሎት መሃላችን ሰው አስቀመጠ። ሴትዮዋን አልፌ እጁን ያዝሁት።

ጳጉሜ 4

ዛሬ ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልሎ ብቻውን ወደ ትምህርት ቤት ሄደ። «ልምጣ?» አላልኩም። በሩ ድረስ እንኳ አልሸኘሁትም፤ ከሸኘሁት እከተለው ነበር።

ቆይቶ መጣ። የነገረኝን እንደጻፈው ልገልብጠው፦ «ዘፈኖቹን ለአበረ አጫወትኩለት። እኔ በዱላ መራሁ። ግቢ የነበሩት ልጆች ገቡ፤ ከማሽኑ ጋር ዘፈኑ። አበረ ‹እስከ ጥር እንሞክረው› አለ።»

«እስከ ጥር ብቻ?» አልኩት።

ከሥር ጨመረበት፦ «ለንብረት ክፍሉ ሰው ሌላ ይፈልጉ።»

አንድ ልጅ ቁልፉን አንብቦ አስተማሪውን «ዝም ይበሉ አለዎት» ሲለው ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ ብሎ ጻፈ። ምኞት ትክክል ነበረች፤ ይስቃሉ።

መስከረም 1 ቀን 2008

እንግዲህ ዛሬ ነው። አባባ መጥተዋል፣ እማዋይሽም ሱቋን ዘግታ መጣች። ማንም «ተናገር» አላለውም፤ ሁሉም ግን ዳቦ እየቆረሰ አፉን ያያል። እኔ ከትናንት ጀምሮ ሳስብ ነበር፤ መጀመሪያ ምን ይል ይሆን? ስሜን ይጠራ ይሆን? እግዚአብሔር ይመስገን ይል ይሆን? አባቱ ፊት ስለሆነ አንዳች ምርቃት መስሎኛል።

ወጡን አቀረብኩ። አባባ ባረኩ። አዛናው አንድ ጉርሻ ጎረሰ፣ ዋጠ፣ ውሃ ጠጣ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጨው በዝቶበታል» አለ።

የሱ ድምፅ አይደለም። ድንጋይ ላይ የሚጎተት ጆንያ ነው። ከሥሩ ግን እሱ አለ።

«ዛሬ ብቻ ነው?» አልኩት፤ ሌላ ምን ይባላል።

«ከሰኔ ጀምሮ።»

አባባ፦ «እኔ የቤቱ ሥርዓት መስሎኝ እኮ ነው ዝም ብዬ የበላሁት» አሉ። እማዋይሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። እኔ ግን ተናደድኩ፤ ክረምቱን ሙሉ ሰሌዳና ጠመኔ እጁ ላይ ነበር። «ታዲያ ለምን አልጻፍክልኝም? አንድ መስመር አይደለም እንዴ?»

ለዛሬ የተፈቀደለት ቃል ሊያልቅ ነበር። ቆጥቦ ተናገረ።

«ትቀምሺዋለሽ ብዬ ጠበቅሁ» አለ። «አልበላሽማ።»

አብሬው የበላሁ ይመስለኝ ነበር። በየቀኑ እሱ ፊት ተቀምጬ፣ እንጀራ ቆርሼ፣ ስለ ቢሮው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ምኞት ሳወራ። ቀሚሴን ሁለት ጊዜ ሳስጠብብ እንኳ እማዋይሽን ጨርቁ ሰፋ አልኳት።

ሁሉም ያዩኝ ጀመር። እጄን ወደ ትሪው ላክሁ። እውነቱን ነው፣ ጨው ብቻ ነው። በላሁት።